ኮልማን ሄፈርናን የተሳሳቱበት በር

አቶ ኮልማን ሄፈርናን ከአባታቸው ከአቶ ባርት ሄፈርናን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሃኖራ ቶቢን፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1951 ዓ.ም. በአየርላንድ፣ በቲፐራሪ አውራጃ፣ በክሎንሜል ከተማ፣ ከሹር ወንዝ ድልድይ ማዶ ባለ አነስተኛ ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበሩ።

ይህን በቀብራቸው ላይ የሚነበብ ታሪክ ያዘጋጀችው ባለቤታቸው ኖሪን ናት። አቶ ኮልማን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠዋት፣ «የሞተ ሰው ሁሉ ደግ ነበር ይባላል። እኔን እንዲህ አድርገሽ እንዳትቀብሪኝ። የነበረውን ጻፊ» ብለዋታል፤ እሷም እሺ ብላለች። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለጆሮ የሚከብድ ነገር አለ። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶች ይቅርታ አድርጉላት። አቶ ኮልማን መጠጥ ለመተው ይሄዱበት በነበረው ስብሰባ የአባት ስም አይጠራም፤ «አቶ» እና «ወይዘሮ»ም የለም። በመሆኑም ከዚያ የመጡ ሰዎች እዚህም በስማቸው ብቻ ተጠርተዋል፤ በሕይወት ያሉትም ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል።

አቶ ኮልማን ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በከተማው የወንዶች ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው ተምረዋል። በስሌት ጎበዝ፣ በሩጫ ፈጣን፣ በጠብ ደግሞ ከሁለቱም የበረቱ ነበሩ። አባታቸው አቶ ባርት የከሰል አውራጅ ሲሆኑ፣ ደመወዝ በተቀበሉ ቁጥር ጠጥተው ይገቡና ልጆቻቸውን አሰልፈው በቀበቶ ይገርፉ ነበር። ኮልማን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሰለፉ ነበር፤ እስከዚያ የአባቴ ክንድ ይደክማል ብለው። ይህን ሲያወሩ ያፍሩ ነበር። ከፊታቸው የሚቆሙት ሁለቱ ታናናሾቻቸው ነበሩና።

በአሥራ ሁለት ዓመታቸው በካቶሊክ ሥርዓት ምሥጢረ ሜሮን ሲቀበሉ፣ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር በጳጳሱ ፊት ቆመው አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው መጠጥ ላይቀምሱ ማሉ። የመሐላውንም ዓርማ ኮታቸው ላይ ሰኩ። ዓርማው ሦስት ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1966 ከከተማው ውጪ ባለ ቄራ ሥራ ሲጀምሩ፣ አባታቸው በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን መጠጥ ቤት ወሰዷቸውና ጥቁር ቢራ ፊታቸው አስቀመጡ። «ወንድ ከሆንክ ጠጣ። ካልሆንክ ሄደህ የእናትህ ቀሚስ ውስጥ ግባ» አሏቸው። ኮልማን ጠጡ። አምስት ብርጭቆ ጠጡና እቤት ሲደርሱ አባታቸውን ከደረጃው ላይ ገፍትረው ጣሉ። አቶ ባርት ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ቀበቶ አላነሡም። አቶ ኮልማን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለብዙ ዓመታት መጠጥ ያዳናቸው ይመስላቸው ነበር።

በቄራው ለሠላሳ ስምንት ዓመታት አገልግለዋል። ሥጋን ከአጥንት በመለየት የሚስተካከላቸው አልነበረም። ግልገል በግ አንድ ሲጋራ ተጭሶ እስኪያልቅ ባለው ጊዜ ይበልቱ ነበር። እጃቸው ግን ሥራ ላይ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1977 የክፍሉ አለቃ የነበረው ሞሲ፣ መጠጥ መጠጥ ሸትተው ቢላዋ ሲያነሡ አይቶ ወደ ቤት ሂድ ቢላቸው፣ የሥጋ መንጠቆ አንሥተው አራት የፊት ጥርሶቹን አረገፉ። ሞሲ አፉን በመሐረብ ይዞ፣ «በእጀታው ስለመታኝ አመስግኑት፣ ጫፉም ነበረለት» አለ። ከሥራ እንዳይባረሩ የለመነላቸውም ራሱ ሞሲ ነው። አቶ ኮልማን ለምን እንደሆነ አልገባቸውም ነበር፤ ፈርቶኝ ነው ብለው አሰቡ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1973 በልብስ ንጽሕና ቤት ሸሚዝ ትተኩስ ከነበረችው ከኖሪን ኮዲ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1975 ልጃቸው ዴርቭላ፣ በ1978 ልጃቸው ሩሪ ተወለዱ። አቶ ኮልማን ሳይጠጡ ደግ ነበሩ። ያፏጩ ነበር፤ ዴርቭላን ትከሻቸው ላይ አድርገው በድልድዩ ላይ ይሮጡ ነበር። ኖሪን ይህንንም እንድትጽፍ ዴርቭላ አደራ ብላታለች።

አቶ ኮልማን ሰካራም አለመሆናቸውን በየዓመቱ ያረጋግጡ ነበር። ማረጋገጫቸው ዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ ከሚገባበት ከአመድ ረቡዕ ጀምሮ፣ ከአገሩ ጠባቂ ከቅዱስ ፓትሪክ በዓል በስተቀር፣ አንዲት ጠብታ አይቀምሱም ነበር። «ሰካራም ሰው አርባ ቀን ይችላል?» ይሉ ነበር። እናታቸው አይችልም አሉ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤትም አይችልም አለ። ኖሪንም ለአሥራ ሦስት ዓመት አይችልም ብላ አመነች። በከተማው ግማሹ ወንድ እንዲሁ ራሱን ይመዝን ስለነበር ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ግን ጾሙ በገፋ መጠን የአቶ ኮልማን መንጋጋ እየጠበቀ፣ ማፏጨታቸው እየቀረ ይሄዳል። የፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ ኖሪን ጥሩዎቹን ሳህኖች ጎረቤት ትደብቃለች፤ ለልጆቹ ጫማቸውን አድርገው እንዲቀመጡ ትነግራቸዋለች። በ1981 ፋሲካ ቁም ሣጥኑን በደረጃው ላይ ወርውረው ሰባበሩት። በ1984 ፋሲካ በር እጇ ላይ ዘግተውባት ሁለት ጣቶቿ ተሰበሩ።

መጋቢት 30 ቀን 1986 ፋሲካ ነበር። አቶ ኮልማን ከቅዳሜ ጀምረው ሲጠጡ ቆይተው በስምንት ሰዓት እቤት ገቡ። ምሳው የተዘጋጀው ለሰባት ሰዓት ስለነበር፣ ልጆቹም ስለራባቸው፣ ኖሪን የበጉን ጭን ቆርጣ አቅርባ ነበር። እሳቸው ሳህኑን አዩ።

«ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ፤ ቀዘቀዘ እኮ፣ ኮልማን።»

«እዚህ ቤት ሥጋ የምቆርጠው እኔ ነኝ! ይሄ መቁረጥ ነው? መጥረቢያ የጨፈጨፈው ነው የሚመስለው!»

የሥጋውን ትልቅ ሳህን ከነሥጋው አንሥተው ፊቷን መቷት። የጉንጯ አጥንት ተሰበረ። የስምንት ዓመቱ ሩሪ እግራቸው ላይ ተጠመጠመ። በአንድ እጃቸው አንሥተው የብረት ምድጃው ላይ ወረወሩት፤ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዴርቭላ ጫማዋን አድርጋ ስለነበር ሮጣ ጎረቤት ጠራች። ፖሊሶች ሲመጡ አቶ ኮልማን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ መሬት ከወደቀው ሥጋ እየቆረጡ ይበሉ ነበር።

የአውራጃው ፍርድ ቤት ወደ ቤቱም ወደ ኖሪንም እንዳይቀርቡ አገዳቸው። ኖሪን በዚያን ጊዜ ማንበብ አትችልም ነበር። ወረቀቱን ጸሐፊው ሦስት ጊዜ እንዲያነብላት ለመነችው፤ ወረቀት አንድን ሰው ከበር ያስቀራል ብላ ማመን አልቻለችም ነበርና። አላስቀረምም። አቶ ኮልማን ከብስክሌት መጠገኛው በላይ ክፍል ተከራይተው፣ ሲሰክሩ እየመጡ መስኮቶቿን አንድ በአንድ ሰበሩ። ሁለት ጊዜ በተሰበረው መስኮት ገብተዋል። በሁለተኛው ጊዜ ፀጉሯን ይዘው ግድግዳ ላይ አጋጯት። በዚህ ምክንያት ሁለት ወር ታስረው ወጡ።

አሁን ስብሰባው እንዴት እንደተገኘ ይነገራል።

ኖሪን ጉንጯ ተሰብሮ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ፣ ለሕሙማን ሻይ የምታድለው ፊሎሚና አልጋዋ አጠገብ ቆመች። ፊሎሚና ቁመተ ረጅም፣ ቀኑን ላም ስታልብ የዋለች የሚመስል ክንድ ያላት ሴት ናት።

«ምን ነካሽ፣ እህቴ?»

«በር መታኝ።»

«አይ በር! የእኔንም ቤት በር ለአሥራ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ውስኪ ይጠጣ ነበር።» ኖሪን ጉንጯን ይዛ መሳቅ ስላልቻለች አለቀሰች። ፊሎሚና የሻዩን ኩባያ በእጇ አስያዘቻትና፣ «ቅዳሜ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት፣ ካሂር፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። የጠጪ ቤተሰቦች ነን። ማንም ምንም አይጠይቅሽም» አለቻት።

«ለምን ካሂር ድረስ? ክሎንሜል የለም እንዴ?»

«አለ። ግን እሱ በካሂር ሰው ተሞልቷል።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። የክሎንሜል ሰው ጎረቤት እንዳያየው አውቶቡስ ተሳፍሮ ካሂር ይሄዳል፤ የካሂሩም ጎረቤት እንዳያየው ወደ ክሎንሜል ይመጣል። መንገድ ላይ ሁለቱ አውቶቡሶች ይተላለፋሉ። ኖሪን ግን ይህን አታውቅም፤ ማንም አያየኝም ብላ ሄደች። የመጀመሪያውን ወር አፏን አልከፈተችም። ደንቡ ደስ አላት፦ አንድ ሰው ሲናገር ማንም አያቋርጥም፣ ማንም አይመክርም፣ ማንም አይመልስም። ሲጨርስ ሁሉም በስሙ ጠርቶ ያመሰግነዋል። ኖሪን በቤቷ ዐረፍተ ነገር ጨርሳ አታውቅም ነበር።

አቶ ኮልማንም ከእስር ሲወጡ፣ ዳኛው «በሚቀጥለው ጊዜ የምትታሰረው ዓመት ነው፣ ወር አይደለም» ስላሏቸው ብቻ፣ መጠጥ ለመተው የሚሞክሩ ጠጪዎች የሚያደርጉትን ስብሰባ ፈለጉ። በክሎንሜል ማንም እንዳያያቸው እሳቸውም ካሂር ሄዱ። ሦስት ቅዳሜ አዳራሹን ዞረው ተመለሱ። በአራተኛው ቅዳሜ ዝናብ ይዘንብ ነበር። በወንዙ በኩል ያለው በር ተከፍቶ አንድ ሰው ብቅ አለ። ሞሲ ነው፤ ጥርሱን ያረገፉበት አለቃቸው።

«ምን ዝናብ ላይ ይገትርሃል? ግባ እንጂ!»

«አንተ… እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሻይ አፈላለሁ። ጥርሴን ልትመልስልኝ ከሆነ ግን ዘግይተሃል፣ አስተክያለሁ።»

ሞሲ ራሱም ጠጪ ነበር፤ ካቆመ ስምንት ዓመቱ ነው። ከሥራ እንዳይባረሩ ለምን እንደለመነላቸው አቶ ኮልማን ያን ዕለት ገባቸው።

ያን ዕለት ግን መጠጡን አላቆሙም። ለአምስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ስብሰባ ይቀመጡና፣ ወጥተው አዳራሹ ፊት ለፊት ያለው መጠጥ ቤት ይገቡ ነበር። አንዱ ተሰብሳቢ በዚህ ሲቆጣ ሞሲ፣ «ተወው። ሰክረህም ቢሆን ና፣ ኮልማን። አፍህን ብቻ ዝጋ፤ ጆሮህ አይሰክርም» አላቸው። በእነዚህም ወራት የሁለት መስኮቶች መስተዋት ሰበሩ። ባልና ሚስት በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ሰዓት፣ በሁለት ክፍል ሲቀመጡ ከረሙ። የጠጪዎቹ በር በወንዙ በኩል፣ የቤተሰቦቹ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነበር። ሴቶቹም ቀድመው ስለሚበተኑ አልተያዩም።

በመስከረም መጨረሻ በወንዙ በኩል ባለው ክፍል ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ጠጪዎቹ ብዙ፣ ቤተሰቦቹ ጥቂት ስለነበሩ፣ በሚያፈሰው ክፍል የቀረው ደረቅ ቦታ ለቤተሰቦቹ ይበቃል ተብሎ፣ ጥገናው እስኪያልቅ ሁለቱ ቡድኖች ክፍል እንዲለዋወጡ ተስማሙ። ለጠጪዎቹ ተነግሯቸዋል። አቶ ኮልማን ያን ቅዳሜ አልነበሩም፤ ክፍላቸው ውስጥ ወለል ላይ ተኝተው ነበር።

ጥቅምት 10 ቀን 1987 አቶ ኮልማን ግማሽ ጠርሙስ ጠጥተው፣ አንድ ሩብ ሰዓት አርፍደው ደረሱና የለመዱትን በር ከፈቱ። አርፍዶ የመጣ ሰው እንደሚያደርገው አንገታቸውን ደፍተው በበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጀርባዋን የሰጠቻቸው አንዲት ሴት ትናገር ነበር። ድምፁን ሰሙ።

«…ቢላዋው የራሱ ነው» ትላለች ኖሪን። «አያያዙን ያስተማረኝም ራሱ ነው። ጠቦት ሲበልት ‘እዚህ ጋ አጥንት የለም፣ አየሽ፣ ከጎድኑ ሥር ወደ ላይ’ ይለኝ ነበር። ከፍራሼ ሥር አድርጌዋለሁ። አሁን ሳንቃ ያልተመታበት አንድ መስኮት ነው የቀረኝ። በእሱ ሲገባ አልጮኽም። ልጆቹን እህቴ ጋ ሰድጃቸዋለሁ፤ እንዲያዩ አልፈልግም። ተኝቼ እጠብቀዋለሁ። ጎንበስ ሲልልኝ ከጎድኑ ሥር ወደ ላይ። እስር ቤት አልፈራሁም። ሲኦልም አልፈራሁም። የፈራሁት ምን መሰላችሁ… እሱን ገድዬ እዚያው አጠገቡ ጥሩ እንቅልፍ እንደሚወስደኝ አውቃለሁ። ያንን እንቅልፍ ነው የፈራሁት።»

ሌሎቹ ሴቶች አይተዋቸዋል። ማንነታቸውን ያወቀችው ግን ፊሎሚና ብቻ ናት። ተነሥታ ሄዳ ከኋላቸው ቆመችና ያንን ክንዷን ትከሻቸው ላይ ጣለች። ብትጮህ ኖሪን ዞር ትላለች፤ የጀመረችውም ሳይወጣ ይቀራል። ስለዚህ ዝም ብላ ተጫነቻቸው። አቶ ኮልማን አልተንቀሳቀሱም። ደንቡን እሳቸውም ያውቁታል፤ የሚናገር አይቋረጥም። በጋብቻቸው ዘመን ኖሪን የጀመረችውን ሲያስጨርሷት ያ የመጀመሪያው ነው።

ጨረሰች። ሁሉም፣ «እናመሰግናለን፣ ኖሪን» አሉ።

አቶ ኮልማንም አብረው፣ «እናመሰግናለን፣ ኖሪን» አሉ። አስበውት አልነበረም፤ አፋቸው ለምዶ ነው።

ኖሪን ዞረች። ሊገድለኝ እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ ብላ አመነች። ለሻይ የፈላው ትልቅ ማንቆርቆሪያ ከጎኗ ነበር። በሁለት እጇ አንሥታ ደፋችባቸው። አንገታቸው፣ ደረታቸው፣ ግራ ክንዳቸው ተላጠ። ከወንበሩ ወድቀው ሲንበረከኩ ወንበሩን አንሥታ ጀርባቸውን መታቻቸው፤ ደግማ መታቻቸው፤ ሦስተኛውን ራሳቸው ላይ አሳረፈችው። «ና! ና ምታኝ! ና እንጂ!» እያለች ትጮህ ነበር። ሦስት ሴቶች ሆነው ነው የያዟት። አቶ ኮልማን እጃቸውን አላነሡም። ሁለቱንም መዳፋቸውን ወለሉ ላይ ዘርግተው ቆዩ።

ሞሲ ጩኸቱን ሰምቶ ከወዲያኛው ክፍል ሲሮጥ ደረሰ። ያየውን አየና፣ «አንተ ደንቆሮ፣ ክፍል ተሳስተሃል እኮ!» አለ። ከዚያም ቀዝቃዛ ውኃ በባልዲ እያመጣ ያፈስባቸው ጀመር።

በሆስፒታል ሰባት ሳምንት ተኙ። የመጀመሪያውን ሳምንት መጠጥ ስለተለያቸው ሰውነታቸው እየተንዘፈዘፈ፣ ግድግዳው ላይ አይጥ እያዩ፣ ከአልጋው ጋር ታስረው አሳለፉ። ፖሊስ ሲጠይቃቸው፣ «ማንቆርቆሪያ ተደፋብኝ» አሉ። ሴቶቹም አቶ ኮልማን እገዳውን ጥሰው ሚስታቸው ካለችበት ክፍል መግባታቸውን አልተናገሩም፤ እዚያ ክፍል የሆነው እዚያው ይቀራልና። ኖሪን ግን ከፍርሃትና ከሐፍረት የተነሣ ስድስት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። ፊሎሚና በሯን አንኳኳችና፣ «ነይ እንጂ፣ አዲስ ማንቆርቆሪያ ገዝተናል፤ የዚህኛው ክዳን ይጠብቃል» አለቻት።

አቶ ኮልማን ከጥቅምት 10 ቀን 1987 በኋላ መጠጥ አልቀመሱም። ከሆስፒታል እንደወጡ ኖሪን እግር ላይ ወድቀው ይቅርታ ሊሉ ፈለጉ። ሞሲ ከለከላቸው። «ማን በሰላም እንዲተኛ ነው? እሷ ወይስ አንተ? ያንተ ሸክም ሊቀልልህ እሷን በር ላይ ታስደነግጣታለህ። ተቀመጥ። ሦስት ስብሰባ በሳምንት።» ስለዚህ ተቀመጡ። ካሂር፣ ክሎንሜል፣ ካሪክ፣ በሳምንት ሦስቴ። የሰበሩትንም መስኮት፣ ራሳቸው ሳይሄዱ፣ መስተዋት ገጣሚ ልከው አሠሩ። በስብሰባ ሲናገሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉ ነበር፦ «አሥራ ሦስት ዓመት መታኋት። ስመታት ምን እንደምታስብ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ስሰማው እኔ ነበርኩ ሟቹ።»

በ1989 ጸደይ ኖሪን ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ስብሰባ ወስዳ ለፊሎሚና ሰጠቻት። ፊሎሚና ፈታ አየችውና፣ «ለኬክ ትንሽ ይበዛል» አለች። ኖሪን ግን አልሳቀችም፤ ለምን እንዳመጣችው ታውቅ ነበር። ለአንድ ዓመት ሙሉ ፍራሹን ገልጣ አይታው አታውቅም።

በሰኔ 1990 የአሥራ አምስት ዓመቷ ዴርቭላ፣ «እሑድ ለምሳ ይምጣ። ቁልፍ ግን አይሰጠው» አለች። ኖሪን ሦስት ሳምንት ስታስብ፣ እንቅልፍ ስታጣ ከረመችና እሺ አለች። አቶ ኮልማን በመጀመሪያ ለምሳ፣ ቀጥሎ ለእሑድ፣ ከዚያም ለመኖር ገቡ። ቁልፉ ግን አልተሰጣቸውም፤ በኋላ ልትሰጣቸው ስትል እሳቸው እምቢ አሉ። ሃያ ዓመት በገዛ ቤታቸው እያንኳኩ ገቡ። የጎረቤቱ ሰው፣ «ኮልማን፣ ዛሬም ዘጋችብህ?» እያለ ሲያፌዝባቸው፣ «አልዘጋችብኝም፣ እየመጣች ነው» ይሉት ነበር። በበዓል ጠቦቱን የምትቆርጠው ኖሪን ሆነች። ማክሰኞ ማክሰኞ እሷ የንባብ ትምህርት ስትሄድ እራት የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ፤ ድንቹን ሁልጊዜ ያሳርሩት ነበር።

ሁሉም ግን በዚህ አልተዘጋም። ሩሪ አባቱን አልተቀበለም። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ በ1996፣ ወደ ኮቨንትሪ ለሥራ ሊሄድ ሻንጣውን ይዞ ወጥ ቤት ገባና አባቱን በቡጢ መታቸው። አፍንጫቸው ተሰበረ። ሲወድቁ በእግሩ ጎናቸውን መታ፤ ሁለት የጎድን አጥንታቸው ተሰበረ። ኖሪን ልትገባ ስትል አቶ ኮልማን በእጃቸው ከለከሏት። «ተይው፤ ይጨርስ» አሏት።

«መልሰህ ምታኝ እንጂ!» አለ ሩሪ እያለቀሰ። «ያኔ ትችል አልነበር? አሁን ምን ሆንክ? ቅዱስ ሆንክ?»

«አልሆንኩም፣ ልጄ» አሉ።

ሩሪ ሻንጣውን አንሥቶ ወጣ። ለአሥራ አራት ዓመት፣ አባቱ እስኪያርፉ ድረስ፣ አላነጋገራቸውም። አቶ ኮልማን አልተከተሉትም፣ አላስፈራሩትም፣ በሰው አላስለመኑትም። የአባት ይቅርታ መጠየቅም አንዳንድ ጊዜ ዱላ ነው ይሉ ነበር። በዚያኑ ዕለት፣ አፍንጫቸው በፋሻ ታስሮ፣ ካሂር ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ኖሪን ያን ዕለት እንደ ድሮው ጠጥተው ይመጣሉ ብላ እስኪያንኳኩ ድረስ በመስኮት ስታይ ዋለች። አልጠጡም።

ሞሲ በ2001 ሲያርፍ የሻይ ማፍላቱን ተራ አቶ ኮልማን ተረከቡ። ዝናብ በሚጥልበት ቅዳሜ አዳራሹን የሚዞር ሰው እንዳለ ያዩ ነበር፤ ወጥተውም፣ «ግባ፤ ያየኛል ብለህ የምትፈራው ሰው ካለ፣ እሱም ውስጥ ነው ያለው» ይሉት ነበር። በዚህ መንገድ ስንት ሰው እንደገባ አይታወቅም፤ አይቆጠርምና። ጥቂቶቹ ዛሬ እዚህ አሉ።

አቶ ኮልማን በ2010 ክረምት የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ሕመሙ ብርቱ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ራሳቸውን ስተው እጃቸውን ሲያወራጩ ኖሪን ደንግጣ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላም ሰውነቷ አልረሳም። ሲነቁ ይህን ነገረቻቸው። «ልክ ነሽ፤ ራቅ በይ» አሏት። እሷ ግን ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። የካቲት 6 ቀን 2011 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በቤታቸው ዐረፉ።

አቶ ኮልማን ከባለቤታቸው ከኖሪን፣ ከልጃቸው ከዴርቭላና ከባለቤቷ፣ ከሁለት የልጅ ልጆች፣ ከሦስት ወንድሞችና እኅቶች፣ በኮቨንትሪ ከሚኖረው ልጃቸው ከሩሪም ተለይተዋል። ሩሪ ሰኞ ዕለት ስልክ ደውሎ፣ «እማዬ፣ እዚያ ቁጭ ብዬ ስለ እሱ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ስሰማ መዋል አልችልም» ብሏታል። እናቱም፣ «የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ያንተም ክንድ አለበት» ብላ መለሰችለት። ይህ ወረቀት ለኅትመት እስኪሄድ ድረስ እመጣለሁም አልመጣምም አላለም። ከመጣ ማንም «እንኳን ይቅር አልከው» እንዳይለው ኖሪን ትለምናለች። ካልመጣም ማንም ስሙን በክፉ አያንሣው። ይህ የእናት ልመና ብቻ አይደለም፤ የአባቱም ቃል ነው።

ከቀብሩ በኋላ በአዳራሹ ሻይና ዳቦ አለ፤ መጠጥ የለም። የቅዳሜው የካሂር ስብሰባ እንደተለመደው በአምስት ሰዓት ይካሄዳል፤ እንዳይሰረዝ ሟቹ አደራ ብለዋል።

ያስተማራቸው እግዚአብሔር የኮልማንን ነፍስ ይቀበልልን። ለእሳቸው በሰማይ ዕረፍት ይስጣቸው፤ እሳቸው ለመቱን ለእኛም፣ እዚሁ በሕይወት ሳለን፣ ዕረፍት ይስጠን። አሜን።